ሁለት መጻሕፍትና አንድ ክስ፤ በካርታ ውድድር ስለሚነሣ የማጭበርበር ክስና ስለ ዳኞች ሥራ

የካርታ ጨዋታ በአገራችን ለጊዜ ማሳለፊያ፥ አለዚያም ለገንዘብ ቁማር የሚውል ነገር ሆኖ ስለሚታሰብ፥ ስለ እርሱ የተጻፈ መጽሐፍ በዚህ መጽሔት ሲተች ቅር የሚለው አንባቢ አይጠፋም። እኔም መጻሕፍቱን መጀመሪያ በእጄ ሳስገባ እንደዚሁ ያለ ስሜት ነበረኝ። ነገር ግን ከመካከላቸው ከደረስሁ በኋላ ካርታው ምክንያት ብቻ መሆኑን ተረዳሁ። ጕዳዩ አንድ ሰው ሌላውን «አጭበርብሯል» ብሎ በከሰሰ ጊዜ፥ ክሱን የሚሰማው ሰው ከመጀመሪያይቱ ሰዓት ጀምሮ ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። ይህም ፈተና የሚቈጣጠረውን መምህር፥ የመሥሪያ ቤት የዲሲፕሊን ጕዳይ የሚያየውን ሹም፥ በጓደኛው ላይ ጥርጣሬ ያደረበትን ተማሪ ሁሉ ይመለከታል።

መጻሕፍቱ ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። አንደኛው ቴሬንስ ሪዝ የተባሉት እንግሊዛዊ የብሪጅ ተጫዋችና ደራሲ በ1966 ዓ.ም. ያሳተሙት «የአንድ ክስ ታሪክ» የሚለው ነው። ሁለተኛው በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የብሪጅ ዐምድ አዘጋጅ የነበሩት አለን ትረስኮት በ1969 ዓ.ም. ያወጡት «ታላቁ የብሪጅ ቅሌት» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያውን የጻፉት ተከሳሹ ራሳቸው ሲሆኑ የሁለተኛው ደራሲ ደግሞ ከከሳሾቹ አንዱ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን ጐን ለጐን የሚያነብ ሰው፥ ባለጕዳዮች በፊቱ በላ ልበልሃ ሲባባሉ ሰምቶ እንዲፈርድ የተጠራ ዳኛ ይሆናል ማለት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ብሪጅ በአራት ሰዎች የሚደረግ ጨዋታ ነው፤ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሁለት ሁለቱ ባልንጀሮች ናቸው። 52ቱ ካርታ ለአራቱ እኩል ሲታደል ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። ማንም ከራሱ በቀር የሌላውን አያይም፤ የባልንጀራውንም ቢሆን። መጫወት ከመጀመሩ በፊት እንደ ጨረታ ያለ ንግግር አለ፤ በዚህ ጨረታ ሊነገሩ የሚችሉት ቃላት ተቈጥረው የታወቁ፥ በጠቅላላው 38 ብቻ ናቸው። የጨዋታው ጥበብ ሁሉ በእነዚህ ጥቂት ቃላት በእጅ ያለውን ለባልንጀራ ማስረዳትና የእርሱን መረዳት ነው። በትልልቅ ውድድሮች ደግሞ አንዱ እደላ እንዳለ ሆኖ በሌላ ጠረጴዛም በሌሎች ሰዎች ስለሚጫወት፥ ዕድል ጥሩ ካርታ ሰጠው ብሎ ማማረር አይቻልም። እንግዲህ አንዱ ለባልንጀራው በጣት፥ በሳል ወይም በእግር አንዲት ነገር እንኳ ቢነግረው፥ የጠላው ሰው ቤት በሌሊት ገብቶ ከሚሰርቅ አይሻልም። የጨዋታውም ሕግ ይህን ከጥፋቶች ሁሉ የከፋ አድርጎ ይቈጥረዋል።

በ1965 ዓ.ም. በሜይ ወር በአርዠንቲና ዋና ከተማ በቡዌኖስ አይሬስ «ቤርሙዳ ቦል» የተባለው የዓለም ሻምፒዮና ይደረግ ነበር። የተሰለፉት አራት ቡድኖች ኢጣሊያ፥ ሰሜን አሜሪካ፥ ብሪታንያና አርዠንቲና ናቸው። ከብሪታንያ ወገን ሚስተር ሪዝ ከቦሪስ ሻፒሮ ጋር ባልንጀራ ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ ሁለቱም በዓለም የታወቁ ሰዎች ነበሩ። ከአሜሪካ ወገን ይጫወቱ የነበሩት ቤከር የተባሉ አዛውንት፥ እንግሊዛውያኑ ካርታቸውን የሚይዙባቸው ጣቶች ቍጥር ከእደላ ወደ እደላ ሲለዋወጥ አዩ። ለባልንጀራቸው ለወይዘሮ ዶሮቲ ሄይደንና ለሚስተር ትረስኮት ነገሩ። ሦስቱ ጣት እየቈጠሩ ይጽፉ ጀመር። በኋላም የጻፉትን ከእደላው መዝገብ ጋር ሲያስተያዩ የጣቱ ቍጥር በእጅ ካለው የልብ ሥዕል ካርታ ቍጥር ጋር ይገጥማል አሉ፤ ጣቶቹ የተጣበቁ ወይም የተራራቁ መሆናቸውም ትርጕም እንዳለው ተናገሩ። ነገሩ ለአሜሪካ ቡድን አለቃ፥ ቀጥሎም ለብሪታንያ ቡድን አለቃ ለራልፍ ስዊመርና ለብሪታንያ ብሪጅ ማኅበር ሊቀ መንበር ለጄፍሪ በትለር ደረሰ። እነርሱም ራሳቸው ተቀምጠው አይተው አመኑ። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ሹማምንት እዚያው ውድድሩ ባለበት ቦታ ተሰብስበው ሁለቱን ጥፋተኞች አሏቸው። ሚስተር ስዊመርም ቡድናቸው ያደረጋቸውን ግጥሚያዎች ለተጋጣሚዎቹ ለቀቁ። ሁለቱ ተከሳሾች ግን ያን ጊዜም ከዚያ በኋላም ካዱ።

የሚስተር ሪዝ መጽሐፍ በአጻጻፉ ከሁለቱ ይበልጣል። ዐረፍተ ነገራቸው አጭርና ደረቅ ነው፤ ሲቈጡ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። አንባቢው ከዚህ ሰው ጋር ለመከራከር ይፈራል። ነገር ግን የመጽሐፉ ድካም ከዚሁ ከጥንካሬው የመጣ ይመስለኛል። ደራሲው እያንዳንዱን ከሳሽ በተራ ያሣልቁበታል፤ በተለይም የዓለም ፌዴሬሽኑ ስብሰባ የተካሄደበትን ሥርዓት ሲነቅፉ እጅግ ይሳካላቸዋል፤ ሆኖም «ጣቶቼ ለምን ይለዋወጡ ነበር?» ለሚለው ተራ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ፥ ለሌላው ሁሉ የሰጡትን ያህል አያጠግብም። ሰው ካርታውን እንደ ፈቀደ ይይዛል ማለት እውነት ነው። ግን መልስ ሳይሆን የመልስ መጀመሪያ ነው።

የሚስተር ትረስኮት መጽሐፍ በሌላ በኩል ከባድና ዝርዝር የበዛበት ነው። እደላውን አንድ በአንድ እየዘረዘሩ፥ ማን ምን እንዳየ እየመሰከሩ ይሄዳሉ። ስለ ቅንነታቸው አልጠራጠርም፤ እንዲያውም በትውልዳቸው እንግሊዛዊ ስለ ነበሩ የገዛ አገራቸውን ልጆች መክሰሳቸው ቀላል እንዳልሆነላቸው ይታየኛል። ነገር ግን ይህን መጽሐፍ ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ ሐሳብ አንድ ነው፦ ጠርጣሪው፥ መርማሪው፥ ምስክሩና ታሪክ ጸሐፊው አንድ ሰው ሆነዋል። ቤከርና ወይዘሮ ሄይደን በዚያው ውድድር የተከሳሾቹ ተጋጣሚዎች ነበሩ። ሚስተር ትረስኮት ደግሞ የጋዜጣ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ሄይደን በ1972 ዓ.ም. ሚስተር ትረስኮትን አግብተዋል። ይህ ከሰባት ዓመት በኋላ የሆነ ስለ ሆነ ምስክርነታቸውን አያፈርሰውም፤ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ምን ያህል እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ እንደ ነበር ለማሰብ ያስችላል።

እዚህ ላይ የትችቴን ዋና ነገር ልናገር። ኦሪትም ፍትሐ ነገሥትም ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይጠይቃሉ። ሦስት ሰዎች ግን ማታ አብረው ተቀምጠው ከተመካከሩ በኋላ ጠዋት ሊያዩ ቢሄዱ ቍጥራቸው ወደ አንድ ይወርዳል። ቤከር ያዩትን ያን ጊዜውኑ ለውድድሩ ዋና ዳኛ ብቻ በጽሑፍ አስታውቀው ዝም ቢሉ ኖሮ፥ ዳኛውም «ወደዚያ ጠረጴዛ ሂድና ከተጫዋቾቹ ስለ እያንዳንዳቸው የምታየውን እንቅስቃሴ ሁሉ ጻፍ» ብሎ ስለ ጣትም ስለ ልብም ያልሰማ ተመልካች ቢልክ ኖሮ፥ ዛሬ በእጃችን የማይናቅ ማስረጃ በኖረ ነበር። የሆነው ግን ይህ አይደለም። ሚስተር ስዊመርና ሚስተር በትለር ሊያዩ የተቀመጡት፥ ምን ማየት እንዳለባቸው ተነግሯቸው ነው። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሚስተር ስዊመር በራሳቸው ቡድን ላይ መመስከራቸው ድፍረት ይጠይቃል። ነገር ግን ጣት እንዲቈጥር የተነገረው ሰው ጣት ይቈጥራል። ጆሮውን የሚያሻሸውን፥ ብርጭቆ የሚያነሣውን አያይም። የሌሎቹንም ሁለት ተጫዋቾች ጣት አይቈጥርም፤ ምናልባት የእነርሱም እንዲሁ ይለዋወጥ ነበር።

ይህን በቍጥር ማየት ይጠቅማል፤ መምህራን አንባቢዎቼም ለተማሪዎቻቸው ሊሰጡት ይችላሉ። አንድ ተጫዋች በሚደርሱት 13 ካርታዎች ውስጥ የልብ ካርታ ሦስት የሚሆንበት ጊዜ ከመቶ 29 ያህል ነው፤ አራት የሚሆንበት 24 ያህል፥ ሁለት የሚሆንበት 21 ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ያለ ምንም ክፉ ሐሳብ ካርታውን አንድ ጊዜ በሁለት፥ አንድ ጊዜ በሦስት፥ አንድ ጊዜ በአራት ጣት ቢይዝ፥ ከአራት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ይገጥምበታል። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የመግጠሙ ዕድል ከ64 አንድ ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የካርታው ሥዕል አራት ዓይነት ስለ ሆነ፥ ልቡ ባይገጥም ሌላውን እሞክራለሁ የሚል መርማሪ ዕድሉን ወደ 16 አንድ ያወርደዋል። በአንድ ትልቅ ውድድር መቶ ንጹሓን ተጫዋቾች በዚህ ዓይነት ቢመረመሩ ስድስቱ ያህል ጥፋተኛ መስለው ይታያሉ። በዚህም ላይ ጣት ሲጣበቅ እንዲህ፥ ሲራራቅ እንዲያ የሚል ተጨማሪ ሕግ ከተጨመረ፥ የማይገጥመውን እንዲገጥም ማድረግ ይበልጥ ይቀላል።

በአንጻሩ ደግሞ ምልክቱ ይህ ነው ተብሎ አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ፥ ታሽጎ ለዳኛ ከተሰጠ በኋላ፥ በአዳዲስ እደላዎች ላይ ዐሥር ጊዜ ተከታትሎ ቢገጥም አጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ከሚሊዮን አንድ ያህል ነው። ያን ጊዜ የተከሳሹ ክብርና ዝና ምንም አይረዳውም። ልዩነቱ ያለው ሕጉ የተጻፈው ከመቈጠሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ በሚለው ላይ ነው። ያልገጠሙትም እደላዎች ከገጠሙት ጋር መጻፍ አለባቸው፤ የገጠመውን ብቻ የያዘ መዝገብ ዋጋ የለውም። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ ይባል የነበረው ልጅ መድኀኒት አጠጥተውት እየተንገዳገደ ከገባበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ይባል ነበር፤ ስንት ቤት በስሕተት እንደ ገባ ግን ማንም አልቈጠረም።

የአጋጣሚን ነገር ካነሣሁ አይቀር፥ እኔ ራሴ ያየሁትን ልጨምር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ሁለት የክፍላችን ልጆች በሒሳብ ፈተና አንድ ዓይነት ስሕተት በአንድ ዓይነት ቦታ ሠርተው ተገኙ። መምህሩ ወረቀቶቹን ጐን ለጐን ይዘው፥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም አሉ፤ ስማቸውም በሰልፍ ላይ ተጠራ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ልጆች ያጠኑት ከአንድ በእጅ ከተገለበጠ ደብተር እንደ ሆነና ስሕተቱ በደብተሩ ውስጥ እንደ ነበረ ታወቀ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይቅርታም ጠይቀዋል። ይቅርታው ግን በቢሮ ውስጥ ሲሆን ስም የተጠራው በሰልፍ ላይ ነበር። ከሁለቱ አንደኛው ልጅ በስሙ በተጠራ ማግሥት ቀርቶ ስለ ነበር ይቅርታውን አልሰማም፤ ተመልሶም አልመጣም።

ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። የብሪታንያ ማኅበር የቡዌኖስ አይሬሱን ፍርድ እንዳለ አልተቀበለም። የሕግ ሊቅና የምክር ቤት አባል የሆኑት ሰር ጆን ፎስተርና ጄኔራል ሎርድ ቦርን ነገሩን እንደገና እንዲመረምሩ አደረገ። ምርመራው ረጅም ነበር፤ ውሳኔው የተሰጠው በ1966 ዓ.ም. ነው። መርማሪዎቹ ክሱ እጅግ ከባድ ስለ ሆነ እንደ ወንጀል ክስ ጥርጣሬ የማይቀርበት ማስረጃ ያስፈልገዋል አሉ። ከዚያም ስለ ጣቶቹ የተሰጠው ምስክርነት ብርቱ መሆኑን አምነው፥ ነገር ግን ጨረታውና አጨዋወቱ ሲመረመር ሁለቱ ሰዎች የባልንጀራቸውን የልብ ካርታ ያውቁ እንደ ነበር አያሳይም፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ቀርቷልና ጥፋተኞች አይደሉም ብለው ወሰኑ።

ሚስተር ሪዝ ይህን ውሳኔ እንደ ድል ይዘውታል፤ ሚስተር ትረስኮት ደግሞ ብሪጅን በሚገባ የማያውቁ ሰዎች ስሕተት አድርገው ያዩታል። ለእኔ ሁለቱም ያጋነኑ ይመስለኛል። በመሠረቱ ጥፋቱ ምልክት መለዋወጡ ነው፤ በተሰረቀ ገንዘብ ምንም ያልገዛ ሌባም ሌባ ነው። ብልህ አጭበርባሪም የሚያውቀውን ሁልጊዜ አይጠቀምበትም። በዚህ የሚስተር ትረስኮት ክርክር ትክክል ነው። ነገር ግን ሰር ጆን ፎስተር አጨዋወቱን የመረመሩት ለሌላ ምክንያት መሆኑን እርሳቸው ልብ ያሉት አይመስልም። የጣቱ ማስታወሻ በተጋጣሚዎችና በተመካከሩ ሰዎች እጅ የተጻፈ ስለ ነበር ሌላ ደጋፊ ያስፈልገው ነበር፤ ሊገኝ የሚችለውም ደጋፊ አጨዋወቱ ብቻ ነበር። ማስታወሻው ከመጀመሪያው በገለልተኛ እጅ ተጽፎ ቢሆን፥ አጨዋወቱን መጠየቅ ባላስፈለገም ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሠራው ስሕተት ሁለቱንም ወገኖች ጐድቷል። ተከሳሾቹ አጥፍተው ከሆነ በዚያ ስሕተት አመለጡ፤ አላጠፉም ከሆነ በዚያው ስሕተት ምክንያት እስኪሞቱ ድረስ ስማቸው ሳይጠራ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውም የሚያሳዝን ነው። የዓለም ፌዴሬሽኑ በ1967 ዓ.ም. የመጀመሪያ ፍርዱን አጸና፤ ብሪታንያም በተቃውሞ በ1968 ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር በዶቪል ከተደረገው ኦሊምፒያድ ቀረች። አንድ ነገር በለንደን ነጻ፥ በሌላው ዓለም ጥፋተኛ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ይግባኝ የሚሰማው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ያልተወሰነበት ማኅበር እንዲህ ያለ ነገር ይደርስበታል።

ምስጢር መጠበቅን በሚመለከት የካርታ ታሪክ ከዚህ የቆየ ምሳሌ አለው። በ1890 ዓ.ም. በዮርክሺር ትራንቢ ክሮፍት በተባለ ቤት ሰር ዊልያም ጎርዶን ከሚንግ የተባሉት መኰንን በባካራ ጨዋታ አጭበርብረዋል ተብለው፥ በኋላ ኤድዋርድ 7ኛ የተባሉት የዌልስ ልዑል ባሉበት፥ ዳግመኛ ካርታ እንዳይነኩ በወረቀት እንዲፈርሙ ተደረገ፤ በለውጡም ሁሉም ዝም ሊሉ ቃል ገቡ። ዝምታው አልቈየም። ሰውየው ስሜ ጠፋ ብለው በ1891 ዓ.ም. ከሰሱ፤ ልዑሉም ለምስክርነት ፍርድ ቤት ቆሙ፤ ሸንጎው በ13 ደቂቃ በሰውየው ላይ ፈረደ። እኔ ከዚህ የምማረው፥ ምስጢር መጠበቅ የሚገባው ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ መሆኑን ነው። ከፍርድ በፊት ዝምታ የተከሳሽ መብት ነው፤ በፍርድ ምትክ የሚገዛ ዝምታ ግን ንግድ ነው። ሰውን ሳይፈርዱበት ማስፈረም የዳኛን ሥራ መሸሽ ነው።

ከዚህ የማይሻል ሌላ ሽሽት በ1975 ዓ.ም. በቤርሙዳ ደሴት ታየ። በዚያ ዓመት ባልንጀራሞቹ እንዳይተያዩ በጠረጴዛው ላይ በአግድም መጋረጃ ተዘርግቶ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ከኢጣሊያ ተጫዋቾች አንዱ ከጠረጴዛው በታች የባልንጀራውን እግር ሲነካ አየሁ አለ፤ ሌሎችም ሄደው አዩ። ሹማምንቱ ተሰብስበው፥ እግራቸውን በማይገባ አኳኋን አንቀሳቅሰዋል ብለው ሁለቱን ገሠጿቸው፤ አጭበርብረዋል ግን አላሉም፤ ከውድድሩም አላስወጧቸውም። እንዳይነካኩም ከጠረጴዛው በታች ትንንሽ የቡና ጠረጴዛ አስቀመጡ። ለመሆኑ እግሩን ያንቀሳቀሰ ሰው ምልክት ካልሰጠ የሚገሠጸው ስለ ምንድን ነው? ምልክት ሰጥቶ ከሆነስ ተግሣጽ ብቻ እንዴት ይበቃዋል? እንዲህ ያለው የመካከል ፍርድ ሰላም የሚያወርድ ይመስላል፤ በመሥሪያ ቤቶቻችንም «ለማስጠንቀቂያ ያህል» እየተባለ የሚጻፍ ደብዳቤ ወንድሙ ነው። ተቀባዩ ነጻ መሆኑን አያውቅም፤ ከሳሹም እንዳልተሰማ ሆኖ ይሄዳል። የቡና ጠረጴዛዎቹ ግን መልካም ሐሳብ ነበሩ። ክስ ከመስማት ይልቅ ክስ የሚያመጣውን ቀዳዳ መድፈን ይቀላል፤ ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች መጋረጃው እስከ ታች ይወርዳል።

በሚቀጥሉት ዓመታት አሠራሩ መሻሻሉን መካድ አይገባም። በ2013 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ በባሊ ደሴት በሽማግሎች ውድድር ላይ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች በሳል ምልክት ይሰጣጣሉ ተብለው በተጠረጠሩ ጊዜ፥ ነገሩ በጨዋታው መካከል አልተጮኸበትም፤ ሳሉ እየተቈጠረ ተጻፈ፤ ፍርዱም በሚቀጥለው ዓመት ተሰጥቶ ለዐሥር ዓመት ከውድድር ታገዱ። ከዚያም ሥዕለ ድምፅ ማንሻ መሣሪያ ተስፋፋና የጨዋታው ሁሉ ፊልም ማንም ቤቱ ተቀምጦ ሊያየው የሚችል ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ቦይ ብሮገላንድ የተባለው ኖርዌያዊ ተጫዋች ታላላቅ ተጫዋቾችን በይፋ ከሰሰ። በክሮኤሺያ በኦፓቲያ በ2014 ዓ.ም. የተደረገውን የኤውሮፓ ሻምፒዮና ፊልም ብዙ ሰዎች ተከፋፍለው መረመሩት። ፋንቶኒና ኑኔስ የተባሉት ኢጣሊያውያን ለሞናኮ ሲጫወቱ፥ መጀመሪያ የሚጥሉትን ካርታ አንድ ጊዜ በቁሙ አንድ ጊዜ በአግድሙ እያስቀመጡ በእጃቸው ያለውን ይነግራሉ የሚለውን ያገኘችው አንዲት የሆላንድ ሴት ነበረች። የኤውሮፓ ብሪጅ ማኅበር በ2016 ዓ.ም. ሁለቱን ለአምስት ዓመት አገዳቸው፤ ደግመውም አብረው እንዳይጫወቱ ከለከላቸው።

ይሁን እንጂ በስዊስ አገር በሎዛን የሚገኘው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት በ2018 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ይህን ቅጣት ሠረዘው። ፍርድ ቤቱ የተጠቀመበት መለኪያ ሰር ጆን ፎስተር ከተጠቀሙበት የቀለለ ነበር፤ ማስረጃው የዳኞቹን ኅሊና ካሳረፈ ይበቃል የሚል ነው። በዚህም መለኪያ ማኅበሩ ክሱን አላስረዳም ተባለ። ብዙ የብሪጅ ሰዎች በዚህ እጅግ ተቈጥተዋል። እኔ ግን ፍርድ ቤቱ ሁለቱ ሰዎች ንጹሓን ናቸው እንዳላለ፥ የቀረበለት ማስረጃ አልበቃም እንዳለ ማየት ይገባል እላለሁ። ፊልም ስላለ ብቻ ፍርድ ቀላል አይሆንም። በቡዌኖስ አይሬስ የተነሣው ጥያቄ፥ ማለትም ሕጉ የተገኘው በየትኞቹ እደላዎች ላይ ነው፥ የተፈተነውስ በየትኞቹ ነው፥ ያልገጠሙት የት አሉ የሚለው፥ በፊልሙም ፊት እንዳለ ይነሣል። በሕዝብ ፊት አስቀድሞ መክሰስም ሌላ ችግር አምጥቷል፤ ሁሉም ከሰማ በኋላ ያልሰማ ተመልካች ከየት ይመጣል? ብሮገላንድን ግን በዚህ አጥብቄ ልወቅሰው አልችልም። ማኅበራቱ የተጫዋቾችን ጥርጣሬ በምስጢር ተቀብለው ቢመረምሩ ኖሮ አደባባይ መውጣት ባላስፈለገው ነበር። አቤቱታ የሚቀበል ጸሐፊ በሌለበት አገር አቤት ባይ ወደ ገበያ ይሄዳል።

አንባቢው ምናልባት፥ ታዲያ ሚስተር ሪዝ አጭበርብረው ነበር ወይስ አላጭበረበሩም ብሎ ይጠይቀኛል። ሁለቱን መጻሕፍት ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤአለሁ። የጣቶቹ መለዋወጥ ከንቱ ነገር ነበር ለማለት አልደፍርም፤ በቀረበውም ማስረጃ ሰውን ለመቅጣት አልደፍርም። በሰር ጆን ፎስተር ወንበር ተቀምጬ ቢሆን እንደ እርሳቸው በወሰንሁ ነበር፤ ውሳኔውን ከጻፍሁ በኋላ ግን እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ሚስተር ሪዝ በ1996 ዓ.ም.፥ ሚስተር ሻፒሮ በ2002 ዓ.ም. ሞቱ። በ2005 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊ የብሪጅ ሰው ተነሥቶ፥ ሚስተር ሪዝ ከአርባ ዓመት በፊት ምልክት መለዋወጣቸውን ነግረውኛል፤ ነገር ግን ሁለቱም እስኪሞቱ ድረስ እንዳልናገር አስምለውኛል አለ። ይህን ቃል ብዙዎች የነገሩ መጨረሻ አድርገው ተቀብለውታል። በእኔ በኩል ለዚህ ሰው ጥቂት ጥያቄዎች ነበሩኝ፤ በየትኛው ቀን እንደ ተነገረው፥ ሌላ ማን እንደ ሰማ፥ ያን ጊዜ በማስታወሻው የጻፈው ነገር ይኖር እንደ ሆነ። ተናገሩ የተባሉት ሰው ግን መልስ ሊሰጡ አይችሉም፤ መጽሐፋቸውም በ1966 ዓ.ም. እንደ ታተመ «አላደረግሁም» እንዳለ ነው።